ወባው ከለቀቀ በኋላ ፀጉር ለምን ይረግፋል? ከነገሌ ቦረና እስከ ሞያሌ ላላችሁ ሁሉ

ወባ የያዘኝ ግንቦት ላይ ነው። አንድ ሳምንት ያህል ተኛሁ፣ የተሰጠኝን መድኃኒት ጨረስኩ፣ ተነሳሁ። ሰኔ ላይ ሥራ ጀመርኩ፣ ሐምሌ ላይ ጭራሽ መታመሜንም ረስቼዋለሁ። ነሐሴ መግቢያ ላይ ግን ፀጉሬን ስታጠብ ጭብጥ ሙሉ ፀጉር እጄ ላይ ቀረ። በማግስቱ ትራሱ ላይ፣ ከዚያ ማበጠሪያው ላይ፣ ከዚያም ወጡ ውስጥ። (ምግብ ላይ ያላችሁ ይቅርታ።)

መጀመሪያ የጠረጠርኩት ሻምፖውን ነው። ቀጥሎ የጉድጓዱን ውሃ። ሦስተኛውን ጥርጣሬ ለማንም አልተናገርኩትም፣ እሱ ላይ ወደ ኋላ እመለሳለሁ። ወባው ግን ለአፍታ እንኳ ትዝ አላለኝም። እንዴት ትዝ ይበለኝ? ካለፈ ሦስት ወር ሊሞላው ነው እኮ!

እንዲህ ሆኖ የተጨነቀ ሰው በነገሌም፣ በያቤሎም፣ በፊልቱም፣ በሞያሌም ብዙ ነው። ሐኪም አይደለሁም። ግን በዚህ ጉዳይ በሕክምናው ዓለም በደንብ የታወቀውን ነገር ሰብስቤ፣ የእኛን አካባቢ ሁኔታ ጨምሬበት እነሆ ብያለሁ። ረዘም ይላል፣ ሻይ ይዛችሁ አንብቡት። ሻዩን በተመለከተም የምለው አለኝ።

ሦስት ወሩ ከየት መጣ?

ጭንቅላታችን ላይ ወደ 100,000 የሚጠጋ ፀጉር አለ። ሁሉም በአንድ ላይ አያድግም፣ እያንዳንዱ የራሱ ዙር አለው። ከ100 ፀጉር ውስጥ ከ85 እስከ 90 የሚሆነው በማደግ ላይ ነው፣ ይህ የዕድገት ጊዜ ከ2 እስከ 7 ዓመት ይቆያል። ከዚያ በ2 እና በ3 ሳምንት ውስጥ ዕድገቱ ይቆምና ፀጉሩ እረፍት ይገባል። እረፍቱ 3 ወር ገደማ ነው። በመጨረሻ አዲሱ ፀጉር ከሥር ሲመጣ አሮጌው ይወድቃል። ስለዚህ ጤነኛ ሰው በቀን ከ50 እስከ 100 ፀጉር ቢረግፍበት ምንም ችግር የለም፣ ያው አናየውም እንጂ ሁሌም እየረገፈ ነው።

አሁን ከባድ ትኩሳት መጣ እንበል። ሰውነት ያለችውን ጉልበት በሽታውን ለመዋጋት ያውላታል። ፀጉር ማሳደግ በዚያ ሰዓት ቅንጦት ነው። ድርቅ የመታው ቤተሰብ የቀረችውን ገለባ ለምትታለበዋ ላም ብቻ እንደሚያደርጋት ማለት ነው። በማደግ ላይ ከነበረው ፀጉር ብዙው በአንድ ጊዜ ሥራ አቁሞ ወደ እረፍት ይገባል። ግን ወዲያው አይወድቅም! እረፍት የገባ ፀጉር ቦታውን እንደያዘ 3 ወር ያህል ይቆያል። እኛ የምናየው መጨረሻውን ነው። ትኩሳቱ ፀጉሩን የመታው በግንቦት ነው፣ የፀጉሩ መውደቅ ግን በነሐሴ ነው።

ሐኪሞቹ ይህንን ቴሎጅን ኤፍሉቪየም ይሉታል። ስሙን ያወጣው አሜሪካዊው የቆዳ ሐኪም አልበርት ክሊግማን ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1961። ብዙውን ጊዜ መርገፉ ከሕመሙ 2 ወይም 3 ወር በኋላ ይጀምርና ከ3 እስከ 6 ወር ባለው ጊዜ ውስጥ ጋብ ይላል። በዚያ መሀል በቀን እስከ 300 ፀጉር ሊረግፍ ይችላል። ያስደነግጣል፣ ግን ራሰ በራ አያደርግም። የፀጉሩ ብዛት ይቀንሳል፣ ሹሩባው ይቀጥናል፣ በመሀል ያለው መስመር ሰፋ ይላል፣ በቃ።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ምክንያቱም እኔን በጣም ያስፈራኝ እሱ ነበር። የወደቀውን ፀጉር አንስታችሁ ብታዩት ጫፉ ላይ እንደ ትንሽ ነጭ እህል ያለች ነገር አለች። «ከነሥሩ ተነቀለ፣ ከእንግዲህ አይበቅልም» የሚባለው በዚህች ነጭ ነገር ነው። ስህተት ነው። ነጯ ነገር እረፍቱን የጨረሰ ፀጉር ጫፍ ናት፣ እንዲያውም ዙሩ በሥርዓት ማለቁን ነው የምታሳየው። ፀጉሩን የሚያበቅለው ቀዳዳ ቆዳው ውስጥ እንዳለ ነው፣ አልተነካም።

ነገሩ አዲስ አይደለም። ኮሮና አገራችን ከገባ በኋላ (የመጀመሪያው ታማሚ የተገኘው መጋቢት 4 ቀን 2012 ነው) ብዙ ሰው ፀጉሩ መርገፉን ሲናገር ነበር። በቻይናዋ ውሃን ከሆስፒታል የወጡ ከ1,700 በላይ ሰዎችን 6 ወር ቆይተው ሲመረምሯቸው፣ ከ100ው ወደ 22 የሚሆኑት ፀጉራቸው እንደረገፈ ተናግረዋል። ከዚያ በፊትም፣ አያቶቻችን የኅዳር በሽታ በሚሉት በ1911ዱ ወረርሽኝ ዘመን፣ ከዚሁ ኢንፍሉዌንዛ የተረፉ ሰዎች ከወራት በኋላ ፀጉራቸው እንደሚረግፍ በልዩ ልዩ አገር ያሉ ሐኪሞች ጽፈው ነበር።

በእኛ በኩል ትኩሳቱ ከየት ይመጣል?

ኢትዮጵያ ውስጥ ወባ በአብዛኛው ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በታች ባለው ቦታ ነው። ነገሌ ከዚያ በታች ናት፣ ወደ ፊልቱና ወደ ዶሎ ሲወረድ ደግሞ ይብሳል። በሰሜንና በመሀል አገር ወባ የሚበረታው ክረምቱ ሲወጣ፣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ነው። የእኛ ዝናብ ግን ሁለት ጊዜ ነው፦ ጋና ከመጋቢት እስከ ግንቦት፣ ሀገያ ደግሞ በበልግ ሳይሆን በመስከረም መጨረሻና በጥቅምት፣ በኅዳር። ስለዚህ ከጋና በኋላ የታመመ ሰው ፀጉሩ የሚረግፈው ክረምት ላይ፣ ከሀገያ በኋላ የታመመው ደግሞ ጥርና የካቲት ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 ከጥር እስከ ጥቅምት አጋማሽ ድረስ ብቻ በአገሪቱ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ የወባ ታማሚ መመዝገቡን የዓለም ጤና ድርጅት አሳውቆ ነበር። ከዚህ ሁሉ ሰው መሀል ከወራት በኋላ ማበጠሪያውን እያየ የተደናገጠው ስንቱ እንደሆነ አስቡት።

ወባ ብቻም አይደለም። ቆላው ውስጥ ከወባ ጋር የሚምታቱ ሁለት የትንኝ በሽታዎች አሉ፣ ደንጊና ቺኩንጉንያ። ደንጊ እ.ኤ.አ. በ2013 ድሬዳዋ ላይ ታየ፣ በቀጣዩ ዓመት ጎዴ። ቺኩንጉንያ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2016 እዚሁ አጠገባችን ዶሎ አዶ ወረዳ ውስጥ ተከሰተ። በዚያው ዓመት ድንበሩን ተሻግሮ ያለችው የኬንያዋ ማንዴራም በዚሁ በሽታ ተመትታ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2019 ድሬዳዋ ላይ በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሰው አሞ ነበር። ሁለቱም ኃይለኛ ትኩሳት አላቸው፣ ሁለቱም ከወር እስከ ሦስት ወር ቆይተው ፀጉር ያራግፋሉ። የሚያስተላልፋቸው ትንኝ በቀን ነው የሚናከሰው፣ የሚራባውም ክዳን በሌለው በርሜልና በየጓሮው በሚጠራቀም ውሃ ነው። ውሃ በሚያጥርበትና ሁሉም ሰው በሚያጠራቅምበት ከተማ ይሄ ምን ማለት እንደሆነ ታውቁታላችሁ። «ወባ ነው ብለውኝ ነበር፣ ምርመራው ግን ወባ የለም አለ፣ መገጣጠሚያዬን ግን ሊገድለኝ ነው» ካላችሁ ከእነዚህ አንዱ ሊሆን ይችላል።

የአንጀት ተስቦ (ታይፎይድ)፣ ተስቦ፣ ግርሻ፣ ኩፍኝ፣ የሳንባ ምች፣ ሁሉም ትኩሳታቸው ከጠና ያው ናቸው። ትኩሳት የሌለበትም ከባድ ሕመም እንዲሁ ነው። ለምሳሌ በነሐሴ 2014 ባሌ ሀረና ቡሉቅ ጀምሮ ወደ እኛም አቅጣጫ የተስፋፋው ኮሌራ። ኮሌራ በጥቂት ቀን ውስጥ ሰው የሚያከሳ በሽታ ነው፣ ሰውነት እንዲያ ሲናወጥ ፀጉርም ይናወጣል። ቀዶ ሕክምና፣ ብዙ ደም የፈሰሰበት አደጋ፣ ከባድ ሐዘንም ጭምር በዚሁ መንገድ ፀጉር ያራግፋሉ።

ስለዚህ መጀመሪያ የምታደርጉት ቀላል ነገር ነው፦ መርገፉ ከጀመረበት ቀን 2 ወይም 3 ወር ወደ ኋላ ቁጠሩ። ያን ጊዜ ምን ሆናችሁ ነበር? አብዛኛው ሰው መልሱን እዚያ ያገኘዋል።

ተመልሳችሁ ብትቆጥሩ ምንም ካላገኛችሁ

ያኔ ወደ ምግቡ ዞር በሉ። ፀጉር ከሞላ ጎደል ፕሮቲን ነው። የቦረናና የአካባቢው ቤት ፕሮቲኑ ወተት ነው፣ ወተቱ ደግሞ በዝናብ ነው የሚታለበው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ከ2013 ጀምሮ አምስት የዝናብ ወቅት በተከታታይ ሲከሽፍ፣ ከብቱ በሚሊዮን የሚቆጠር ሲያልቅ፣ ቤቱ ውስጥ የቀረው በዕርዳታ የመጣ ስንዴና በቆሎ ነበር። ሆድ ይሞላል። ፀጉር ግን የሚበላው ሌላ ነው። ሰው በአጭር ጊዜ ብዙ ኪሎ ሲቀንስ ከ2 እና ከ3 ወር በኋላ ፀጉሩ ይሳሳል፣ አውቆ ለመክሳት ብሎ የራበውም እንዲሁ።

በልጆች ላይ ግን እንዲህ ቀለል አድርጋችሁ አትዩት። የልጅ ፀጉር ቀለሙ ወደ ቀይነት ከተለወጠ፣ ከለሰለሰና ሲስቡት ሳያመው ከተነቀለ፣ እግሩም ካበጠ፣ ይሄ ከባድ የምግብ እጥረት ነው። ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ውሰዱት፣ ነገ አትበሉ።

ከምግቡ ቀጥሎ ብረት፣ ማለትም ደም ማነስ። ወባ ራሱ ቀይ የደም ሴል ይሰብራል። በዚያ ላይ የአንጀት ትል፣ የወር አበባ፣ ተደጋጋሚ ወሊድ ሲጨመር የብዙ ሴቶች ብረት ከታች ነው። ወተት ደግሞ ለብዙ ነገር ጥሩ ሆኖ ሳለ ብረት ላይ ደሃ ነው። ሻዩን በተመለከተ የምለው አለኝ ያልኩት እዚህ ጋ ነው። ሻይ ምግቡ ውስጥ ያለውን ብረት አንጀት እንዳይወስደው ያደርጋል። እኛ ጋ ደግሞ ቁርሱም በሻይ፣ ምሳውም በሻይ፣ እንግዳም በሻይ ነው። ተዉት አልልም፣ እኔም አልተውኩትም። ከምግቡ አንድ ሰዓት ያህል አርቁት። ምስርና ጎመን ስትበሉ ቲማቲም ወይም ሎሚ ጨምሩበት፣ ሎሚው ብረቱን ያስገባዋል። ሥጋና ጉበት ሲገኝ ከሁሉም ይሻላል።

አዮዲንም አለ። የእንቅርት ዕጢ ሲዛባ፣ ሥራው ሲበዛም ሲያንስም፣ ፀጉር በጅምላ ይሳሳል። ብርድ አይችሉም ወይም ሙቀት አይችሉም፣ ልብ ይመታል ወይም ይከብዳል፣ ኪሎ ያለምክንያት ይጨምራል ወይም ይቀንሳል። ከኤል ሶድ ጉድጓድ እንደወጣ ያለ ጨው አዮዲን አልተጨመረበትም፣ ለከብቱ ይሁን፣ ለወጡ ግን አዮዲን ያለበት ተብሎ የታሸገውን ግዙ።

አራስ ሴትን በተመለከተ

እህቴ የመጀመሪያ ልጇን በወለደች በአራተኛው ወር ደውላ «ፀጉሬ አለቀ፣ ጡት ማጥባቱ ነው፣ ላቁም እንዴ?» አለችኝ። አይደለም። በእርግዝና ጊዜ ያለው ሆርሞን ፀጉሩን በማደግ ላይ ያቆየዋል። እርጉዝ ሴት ፀጉሯ የሚያምረው ለዚህ ነው። ከወለደች በኋላ ሆርሞኑ ይወርድና መውደቅ የነበረበት ሁሉ ተጠራቅሞ ባንዴ ይወድቃል፣ ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 4 ወር ባለው ጊዜ። ልጁ ዓመት ሲሞላው አካባቢ ይስተካከላል። ጡት ማቆም ፀጉሩን አይመልሰውም፣ ልጁን ብቻ ነው የሚጎዳው። ወሊዱ ላይ ብዙ ደም ፈሷት ከነበረ ግን ደሟን ትመርመር።

ያ ሦስተኛው ጥርጣሬ

እንግዲህ እዚህ ደረስን። ፀጉሬ ሲረግፍ ለማንም ያልነገርኩት ጥርጣሬ ኤች አይ ቪ ነው። የእኔ ዕድሜ ያለው ሰው ያንን ዘመን በደንብ አያውቀውም፣ ግን ወሬው ቀርቶልናል፦ «ፀጉሩ ሳሳ፣ ለሰለሰ» ከተባለ የሰውየው ነገር አለቀ ማለት ነበር። ትንሽ ከተማ ውስጥ ደግሞ ወሬ እንዴት እንደሚሮጥ ታውቃላችሁ። ፀጉር ቤት ተቀምጬ ስለ ሌላ ሴት እንዲህ ሲባል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ሴትየዋ ወባ ታማ የተነሳች ናት። ከዚያ በኋላ ቁርስ ከምትሸጥበት ቦታ ደንበኛ ቀነሰ። ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ የተነሳሁት እውነቱን ለመናገር በእሷ ምክንያት ነው።

እውነቱ ይሄ ነው፦ ለረጅም ጊዜ ሳይታከም የቆየ ኤች አይ ቪ ፀጉርን ሊያሳሳ ይችላል። ግን ወባም፣ ወሊድም፣ ደም ማነስም፣ ሐዘንም ያሳሳሉ፣ በመልክ ደግሞ አይለዩም። ማንም ሰው የሌላውን ፀጉር አይቶ ምን እንዳለበት ማወቅ አይችልም። ሐኪምም አይችልም፣ የፀጉር ሠሪዋ ደግሞ ጭራሽ። ጥርጣሬው ለራሳችሁ ከሆነ ምርመራው በመንግሥት ጤና ተቋም ነፃ ነው፣ ውጤቱም እዚያው ቁጭ ብላችሁ ይደርሳል። እኔ ተመርምሬ ነው ጭንቀቴን ያራገፍኩት። ቢኖርባችሁም መድኃኒት ጀምራችሁ እንደማንም ሰው ትኖራላችሁ።

ከዚህ የባሰው ደግሞ ሌላ ነው፦ መድኃኒቱን የጀመረ ሰው ፀጉሩ ሲረግፍ «መድኃኒቱ ነው የጎዳኝ» ብሎ ማቆሙ። የፀረ ኤች አይ ቪም ይሁን የቲቢ መድኃኒት፣ በፀጉር ምክንያት በራስ ሥልጣን አይቆምም። ብዙውን ጊዜ ፀጉሩን ያራገፈው መድኃኒቱ ከመጀመሩ በፊት የነበረው ሕመም ነው። የ3 ወሩን ነገር አስታውሱ፣ ሒሳቡ እዚያም ይሠራል።

መድኃኒት ፀጉር አያራግፍም ወይ?

ያራግፋል፣ ግን የምንጠረጥረው አይደለም። ኳርተምን ብዙ ሰው ይከስሳል። ኳርተም በፀጉር ማራገፍ አይታወቅም፣ ከሱ በፊት የነበረው ትኩሳት ነው ሥራውን የሠራው። ፀጉር በማራገፍ የሚታወቁት እንደ ዋርፋሪንና ሄፓሪን ያሉ ደም ማቅጠኛዎች፣ ለሚጥል በሽታ የሚሰጠው ቫልፕሮኤት፣ አንዳንድ የደም ግፊት መድኃኒቶች፣ ከልክ ያለፈ ቫይታሚን ኤ ናቸው። የካንሰር መድኃኒት ለብቻው ነው፣ እሱ 3 ወር አይጠብቅም፣ በ2 እና በ4 ሳምንት ውስጥ በማደግ ላይ ያለውን ፀጉር ነው የሚመታው። እዚህም ቢሆን ደንቡ አንድ ነው፦ ያዘዘላችሁን ሰው ጠይቁ፣ በሌላ ሊለውጠው ይችል ይሆናል።

ውሃውስ? የቆላ ጉድጓድ ውሃ ጨዋማነቱና ድርቅናው እውነት ነው፣ ሳሙና እንኳ አረፋ አያወጣበትም። እንዲህ ያለ ውሃ ፀጉርን ያደርቃል፣ ያሻክራል፣ ከመሀል ያሰብረዋል። ከሥር ግን አያራግፍም። ልዩነቱን ማወቅ ከፈለጋችሁ የወደቀውን ፀጉር እዩ፦ ነጯ ጫፍ ካለች ረገፈ፣ ከሌለች ተሰበረ ነው።

ይሄኛው ግን ሌላ ነው

እስካሁን ያወራነው ከመላው ጭንቅላት እኩል ስለሚሳሳ ፀጉር ነው። ቦታ ለይቶ ከወደቀ ታሪኩ ይለወጣል።

እንደ ሳንቲም ክብ ሆኖ፣ ቆዳው ለስላሳ ሆኖ፣ ሳያሳክክ ድንገት ባዶ የሚሆነው ብዙው ሰው ላሽ የሚለው ነው። የሰውነት መከላከያ የራሱን ፀጉር ሲያጠቃ የሚመጣ ነው፣ ከምላጭ ጋር ግንኙነት የለውም። ብዙዎች ራሱ ይመለስላቸዋል፣ ግን ሐኪም ይየው። ክብ ሆኖ ቅርፊት ያለው፣ የሚያሳክክ፣ ፀጉሩ አጥሮ የተሰበረበት ከሆነ ግን፣ በተለይ በልጆች ላይ፣ ጭርት ነው፣ ፈንገስ ነው፣ ይተላለፋል። የራስ ጭርት በቅባት ብቻ አይድንም። እንደ ግሪሶፉልቪን ያለ የሚዋጥ መድኃኒት ለሳምንታት ያስፈልገዋል። ከሱቅ የሚገዛ የስቴሮይድ ቅባት ደግሞ መልኩን ያሳምርና ውስጡን ያብሰዋል።

አይጥ እንደበላው ልብስ እዚህም እዚያም ቆረጥ ቆረጥ ያለ ከሆነ ቂጥኝ ሊሆን ይችላል። በደም ምርመራ ይታወቃል፣ በፔኒሲሊን ይድናል። ግንባርና ጆሮ ዙሪያ ብቻ የሳሳ ከሆነ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ጠብቆ የተሠራ ሹሩባ ነው። ይሄ ለዓመታት ከቆየ ቀዳዳው ራሱ ይዘጋል፣ አይመለስም። ከሕመም በተነሳችሁበት ሰሞን «ትንሽ ላስውበው» ብላችሁ ጠበቅ ያለ ሹሩባ መሠራት ባለቀ ላይ መጨመር ነው፣ ልል ይሁን።

ታዲያ ምን እናድርግ?

ከሕመም በኋላ ለሚመጣው መርገፍ ዋናው መድኃኒት መጠበቅ ነው። ደስ አይልም፣ አውቃለሁ። በደንብ ብሉ፦ እንቁላል፣ ባቄላ፣ ሽሮ፣ ምስር፣ ሥጋ፣ የግመልም ሆነ የላም ወተት። ደም ማነስ ካለ ይታከም። ወባው እንዳይመለስ አጎበር ተኙበት፣ ፀጉሩ ሊያገግም ሲል ሌላ ትኩሳት ከመጣ ዙሩ እንደገና ከዜሮ ይጀምራል።

ቅቤ መቀባት ድርቀቱን ይቀንሳል፣ መሰበሩን ያስታግሳል። አዲስ ፀጉር ግን አያበቅልም። ጥቁር አዝሙድ ዘይቱም፣ እሬቱም እንደዚያው። ነጭ ሽንኩርት ፈጭቶ መለጠፍ ቆዳ ያቃጥላል፣ ቁስል ያደረገባቸው አሉ። ላምባ ደግሞ፣ ለቅማልም ይሁን ለምንም፣ ወደ ጭንቅላት አታቅርቡት።

መላጨት ሌላው ጥያቄ ነው። «ተላጭቼው ነው ጠንክሮ የበቀለው» የሚል ሰው በየቤቱ አለ። የበቀለው የሚበቅልበት ጊዜ ስለደረሰ ነው፣ ምላጭ ቆዳው ውስጥ ያለውን አይነካውም። መላጨት ግን ጉዳትም የለውም፣ ጭንቀቱን ከቀነሰላችሁ ተላጩ፣ በራሳችሁ ምላጭ።

ፋርማሲ ስትሄዱ ባዮቲን የሚባል ቫይታሚን ይሰጧችኋል። እጥረት የሌለበት ሰው ላይ ይጠቅማል የሚያሰኝ በቂ ማስረጃ የለም፣ በዚያ ላይ የእንቅርት ዕጢን ጨምሮ አንዳንድ የደም ምርመራዎችን ውጤት ያዛባል። እየወሰዳችሁ ከሆነ ደም ከመስጠታችሁ በፊት ለላቦራቶሪው ተናገሩ። ሚኖክሲዲል የሚባለው ፈሳሽ ለሌላ ዓይነት፣ በዘር ለሚመጣ መሳሳት ነው በዋናነት የሚታወቀው፣ ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት ደግሞ ባይጠቀሙት ይሻላል። ገንዘቡን እንቁላል ግዙበት ብል አላፍርም።

ሐኪም ዘንድ መሄድ ያለባችሁ እነዚህ ሲኖሩ ነው፦ መርገፉ ከ6 ወር ካለፈ፣ ቦታ ለይቶ ከወደቀ፣ ቆዳው ከቀላ ወይም መግል ከያዘ፣ ቅንድብና ሽፋሽፍት ከረገፈ፣ የወር አበባ ከተዛባ፣ ድካምና ክሳት ካልለቀቀ፣ ታማሚው ልጅ ከሆነ። ሄሞግሎቢን በየጤና ተቋሙ ይለካል። የብረት ክምችት (ፌሪቲን) እና የእንቅርት ሆርሞን (ቲኤስኤች) ምርመራ በየከተማው ላይገኝ ስለሚችል፣ ሐዋሳ ወይም አዲስ አበባ የምትሄዱበት ጉዳይ ካለ አብራችሁ አስቡበት። የቆዳ ስፔሻሊስት የሚያስፈልገው ከሆነ ሪፈር ከሚጻፍባቸው ቦታዎች አንዱ አዲስ አበባ ያለው አለርት ሆስፒታል ነው። ከነገሌ እዚያ ድረስ 600 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ስለሆነ መጀመሪያ እዚሁ ያለውን ምርመራ ጨርሱ።

ስንት ጊዜ ይፈጃል ለምትሉ፦ ፀጉር በወር 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው የሚያድገው፣ ጥቅልል ፀጉር ደግሞ ከዚያም ያንሳል። መርገፉ ቢቆምም እንደ ድሮው ሆኖ እስኪታይ ዓመትና ከዚያ በላይ ይሄዳል። የእኔ ጥቅምት መጨረሻ ላይ ቆመ። ጥር ላይ ግንባሬ ዙሪያ እንደ ሣር ቀጥ ቀጥ ያሉ አጫጭር ፀጉሮች ወጡ። ሹሩባ የምትሠራኝ ልጅ «እዩት፣ አሁን ደግሞ እየተሰበረ ነው» አለችኝ። አንዱን ይዘን በብርሃን አየነው። የተሰበረ ፀጉር ጫፉ ድፍን ነው፣ አዲስ የበቀለ ግን እንደ መርፌ እየቀጠነ ይሄዳል። የእኔው እየቀጠነ የሚሄደው ነበር።